ባሕር ዳር ከእናቴና ከሦስት ልጆች ጋር፦ ሐይቁ ዳር እንደር ወይስ ከተማ ውስጥ?

አባ ሦስት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ልጆቹ የሴሚስተር እረፍት ሲወጡ ባሕር ዳር ልንሄድ አስበናል። በአውሮፕላን፣ አራት ሌሊት። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች (12፣ 9 እና 4 ዓመት) እና እናቴ ነን። እናቴ ሰባ አልፏታል፣ ጉልበቷንም ያማታል። ግን ለኪዳነ ምሕረት ስለት አለባት፤ «ዘጌን ሳልሳለም አልሞትም» ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት።

የጨነቀን የማደሪያው ነገር ነው። ባለቤቴ ሐይቁ ዳር ካሉት ሪዞርቶች አንዱ ይሁን ትላለች፤ «ጣና ድረስ ሄደን የጎረቤት ግድግዳ እያየን ልናድር ነው እንዴ?» ነው ነገሯ። እኔ ደግሞ ከተማ መሃል ንጹሕ ፔንሲዮን ሁለት ክፍል ይዘን የተረፈውን ብር ለጀልባና ለአሳ ብናውለው ባይ ነኝ። ታላቁ ልጄ ዩቲዩብ ላይ የሆነ ነገር አይቶ ዘጌ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለን እንደር ይላል፣ እሱን ተዉት። ልጆቹ መዋኘትም ይፈልጋሉ። ጢስ አባይም በዝርዝሩ ውስጥ አለ።

እናንተ የት አደራችሁ? በቤተሰብ ሄዳችሁ የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የሆቴል ማስታወቂያ አትላኩልኝ። ፎቶ ላይማ ሁሉም ቆንጆ ነው።


የድባንቄ ልጅ

ገና ሳትነሱ እንኳን ደህና መጣችሁ ብያለሁ። እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ።

ሰው ሁሉ ከሆቴሉ ይጀምራል። አንተ ከጀልባው ጀምር። የጠዋቱ ጣና እና የከሰዓቱ ጣና አንድ አይደሉም። ጠዋት ውሃው ረግቶ ነው የሚቆይህ። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ይነሳና ጀልባዋን እያንገላታ ውሃ ፊትህ ላይ ይረጭሃል። ለጎረምሳ ጨዋታ ነው። ለአራት ዓመት ልጅና ጉልበቷን ለሚያማት እናት ግን ጨዋታ አይደለም። ከዚህ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ሄዳችሁ ተሳልማችሁ ነፋሱ ሳይነሳ ለመመለስ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ላይ መሆን አለባችሁ።

እስቲ ያንን ጠዋት አስበው። ሦስት ልጅ አልብሰህ፣ ቁርስ አብልተህ፣ የአንዱን ጫማ ከአልጋ ሥር ፈልገህ፣ እናትህን ደግፈህ፣ ለስድስት ሰው ሁለት ባጃጅ ይዘህ ጀልባው ጋ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ስለዚህ ባለቤትህ ትክክል ናት፣ ግን በሌላ ምክንያት። ሐይቁ ዳር እደሩ የምልህ ለውበቱ ብዬ ሳይሆን ከአልጋ ወደ ጀልባ በእግር እንድትሄዱ ነው። ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ሁሉ ግን የራሱ የጀልባ መነሻ የለውም። ደውለህ «ጀልባ ከግቢያችሁ ይነሳል ወይ?» በል። መጀመሪያ እሱን ጠይቅ፣ ዋጋውን ቀጥሎ።

ጢስ አባይን በተመለከተ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ። በጥር መጨረሻ ፎቶ ላይ ያየኸውን አታገኝም። ፏፏቴው የሚሞላው ክረምቱ ካጠገበው በኋላ ነው፤ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት። በበጋ ውሃው ይቀንሳል፣ ካለው ላይም ብዙው ወደ መብራት ማመንጫው ይሄዳል። ቦታው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለልጆቹ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ ስላለ ግማሽ ቀን ብታውሉበት አትጎዱም። ግን ለጢስ አባይ ብለህ ማደሪያህን አትምረጥ።


ኧረ በሕግ

እኔም የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ባለቤትህን ስለምረዳት ነው የምጽፈው። አምና በዚሁ ወር ሐይቁ ዳር አድረን ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠራም፣ ምናልባት ዘንድሮ ተሻሽሎ ይሆናል።

«ሐይቅ የሚታይበት ክፍል» ብለን ጨምረን ከፈልን። ገባን፣ መጋረጃውን ገለጥኩ፣ የውሃ ሮቶ። ጥቁር፣ ትልቅ፣ አምስት ሺህ ሊትር። ልጁን ጠርቼ «ሐይቁ የታለ?» ስለው አብሮኝ ገባና መታጠቢያ ቤቱን ከፍቶ በትንሿ መስኮት አሳየኝ። አልዋሸም፣ ይታያል፤ ሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ከተወጣ። ባሌ እስከዛሬ ያንን እያነሳ ይስቅብኛል።

የባሰው ግን ሌሊቱ ነበር። አባ ሦስት፣ የምትሄዱት በጥር ነው። ጥር የሰርግ ወር ነው! ያ ሁሉ የሐይቅ ዳር ሣርና ዛፍ ለማን የተዘጋጀ ይመስልሃል? ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ስፒከር ተተከለ። እስክስታው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት። መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር፣ ልጆቹም ወርደው ጨፍረዋል፣ ዳቦም ተቆርሶላቸዋል፣ ውሸት አልናገርም። ግን በማግስቱ በጠዋት ጀልባ ነበረን። ትንሹ ልጄ ገዳም ድረስ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ሄዶ ተኝቶ ተመለሰ።

ስለዚህ «እኛ ባለንበት ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ተይዟል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ካለ ለእናትህ ከመናፈሻው ጀርባ ያለ ክፍል ያዝላት። ሐይቁን በጠዋት ወንበር አውጥታ ታየዋለች።


ቆጣቢው

ማንም ጠያቂውን የደገፈ የለም እንዴ? እኔ እደግፈዋለሁ።

ባሕር ዳር አዲስ አበባ አይደለችም። ከመሃል ከተማ ሐይቁ ጋ ለመድረስ ባጃጅ አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ ከሆነማ በእግር ነው። ሐይቁ ዳር አሳ ለመብላት እዚያ ማደር የግድ አይደለም። ገብተህ ትቀመጣለህ፣ አንድ ቆሮሶ ጥብስ ታዛለህ፣ ልጆቹ ሣሩ ላይ ይሯሯጣሉ፣ ማንም ቁልፍህን አሳየኝ አይልህም። (እናትህ ረቡዕና ዓርብ አሳ እንደማይበሉ እገምታለሁ፣ ቀኑን ስትቆጥር አትርሳ።) ማታ ደግሞ ያ አዲሱ የአባይ ድልድይ አለ፣ በግንቦት 2016 የተመረቀው። 380 ሜትር ነው፣ ልጆቹን ይዛችሁ እያወራችሁ ወዲያና ወዲህ ብትሉ ብር አይከፈልበትም። 11 ሰዓት ላይ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፣ አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲሄድ ከላይ ታያላችሁ። ይሄ ሁሉ ሪዞርት አይጠይቅም።

ወይ ደግሞ ሁለት ሌሊት ፔንሲዮን፣ ሁለት ሌሊት ሐይቅ ዳር አድርጉት። ቤትም ሰላም ይሆናል።


የድባንቄ ልጅ

ቆጣቢው ስለ ባጃጁ ልክ ነህ። በመሃል ሆቴል መቀየሩ ግን አይሁን ወንድሜ፣ አሮጊትና ሦስት ልጅ ይዞ ሻንጣ ሲጎትት ሊውል ነው? አንድ ቀን በዚያ ያልቃል። አንድ ቦታ ይደርና ይረፍ።

ፔንሲዮን ከያዝክም አባ ሦስት፣ ፎቁን ጠይቅ። እዚህ ብዙው ፔንሲዮን ሦስት አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት ያለው ጥቂት ነው፣ ሊፍት ካለውም «መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይሠራል?» በል። ለእናትህ ምድር ላይ ያለ ክፍል ካላገኘህ ጉልበቷ ዘጌ ሳትደርስ እደረጃው ላይ ያልቃል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ማታ ባጃጅ የሚያቆምበት ሰዓት ይለዋወጣል። እንደየጊዜው ነው። የምትመጡበት ሳምንት ላይ የሰፈሩን ሰው ወይ ሪሴፕሽኑን ጠይቀህ እራታችሁን በዚያ ልክ አድርጉት።


ባለ ሞተር

ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። አጠር አድርጌ ልጻፍ፣ ነገ በጠዋት ሰው አለኝ።

ባለቤትህና እናትህ ስላሉ ይህን እወቅ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ክብራን ከከተማው ቅርብ ስለሆነ ሰው ሳይጠይቅ ይይዘውና ሴቶቹ ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ይውላሉ። እንጦስ ኢየሱስ አጠገቡ ነው፣ ሴትም ይገባል። የዘጌዎቹም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም አዝዋ ማርያምም፣ ሴት ይገባል። ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ ናቸው ያሠሩት፣ በጣም ያምራል፣ ግን ደቅ ድረስ ነው። ከልጅ ጋር አልመክርም፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ትውላላችሁ።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከጀልባ ወርዳችሁ በእግር ወደ ላይ ነው። ለጤነኛ ሰው ሃያ ደቂቃ ገደማ። ለእናትህ አርባ በል። መንገዱ ድንጋይ አለው፣ ግን እስከ ላይ ድረስ ቡናና ዛፍ ስለሆነ ጥላ ነው። ምርኩዝ ያዙላት። በየመንገዱ ዕቃ የሚሸጡ አሉ፣ አረፍ የሚባልበት አይጠፋም። ነጠላ አትርሱ። የመግቢያው ክፍያ በየገዳሙ ለየብቻ ነው።

ካልቻለች ደብረ ማርያም አለች። ከከተማው ቅርብ ናት፣ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ። እዚያው ጠዋት በጊዜ ከሄዳችሁ ጉማሬ ልታዩ ትችላላችሁ። ሩቅ ሆነን ሞተር ቀንሰን ነው የምናሳየው፣ «ቅረብ ቅረብ» የሚል እንግዳ አልወድም።

ዋጋ ስትነጋገር በሰው ሳይሆን በጀልባ ተነጋገር። የመጠበቂያው ጊዜ ይካተት። ከፍለህ ከመውጣትህ በፊት ለአራት ዓመቷ የሚሆን ላይፍ ጃኬት አሳየኝ በል። የአዋቂው በልጅ አንገት ሾልኮ ይወጣል። ትንሽ ከሌለው ሌላ ጀልባ ያዝ፣ እኔም ብሆን።


ነጭ ጋወን

ስለ መዋኘቱ ማንም አልመለሰም። ጤና ላይ ነው የምሠራው።

ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። በተለይ ዳር ዳር፣ ሣርና ደንገል ያለበት ረጋ ያለ ውሃ ላይ፣ ማለትም ልጅ መንቦራጨቅ የሚወደው ቦታ ላይ ማለት ነው። ተሸካሚው ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው፣ ትሉ ከእሱ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፣ ሲገባም አይታወቅም። የአካባቢው ልጅ ይዋኛል፣ አውቃለሁ፣ እኛ ጋም ለምርመራ ይመጣል። መዋኘት ከፈለጉ ገንዳ ያለው ሆቴል ይያዝላቸው። ገንዳው ውሃ እንዳለውም ይጠየቅ፣ አትሳቁ።

ወባው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፣ በጥር ይቀንሳል፣ አይጠፋም። ሐይቁ ዳር ትንኝ አለ። ክፍሉ አጎበር ካለው ቀዳዳውን እዩለት፣ ከሌለው ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ታጥፎ ከፎጣ አይበልጥም። 12 ሰዓት ሲሆን ልጆቹን እጀ ረጅም አልብሷቸው። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ልጅ ካለ «ጉንፋን ነው» አትበሉ፣ ወስዳችሁ አስመርምሩት፣ ባሕር ዳር ነበርን በሉ።


አባ ሦስት

እግዜር ይስጣችሁ፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። ሮቶውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ «እንግዲህ ቪዲዮ ደውለህ ክፍሉን አሳዩን በላቸው» አለች። አደረግነው። ሦስት ቦታ ደወልን። አንዱ «ሐይቁ ይታያል» ብሎ ስልኩን ይዞ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ... ግቢ ጨርሶ አስፋልት ተሻግሮ ነው ያሳየን። ሁለተኛው ለቅዳሜ ሰርግ አለ፣ ደግነቱ ራሳቸው ተናገሩ። ሦስተኛው ሐይቁ ዳር ነው፣ መነሻ አለው፣ ክፍሎቹ ያረጁ ናቸው፣ ቴሌቪዥኑ ሆዱ ትልቅ የድሮው ዓይነት ነው፣ ግን ምድር ላይ ናቸው። ገንዳ የለውም። ቀብድ ላክን። ለገንዳው ሌላ ሆቴል አንድ ከሰዓት ከፍለን እንገባለን ብለናል።

የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት እንድንሄድ እናቴ ለምና ነበር፣ ልጆቹ ትምህርት ስለሚጀምሩ አልሆነም።


ባለ ሞተር

አልሆነም ብለህ አትዘን። በዓሉ ላይ ቆንጆ ነው ግን ሰው በሰው ነው፣ ጀልባም አልጋም አይገኝም። ለጉልበቷ ያለ በዓሉ ይሻላል።


አባ ሦስት

ተመልሰናል። ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅም እንደሆነ ልጻፍ።

ማደሪያው ያልኳችሁ ነው። ሙቅ ውሃ ጠዋት ነበር፣ ማታ አልነበረም። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ከእኛ መስኮት አጠገብ ነበር፣ እሱን መጠየቅ ረስቼ። ባለቤቴ ግን አላማረረችም፣ ምክንያቱም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩን ስትከፍት ሐይቁ እዚያው ነው፣ ታንኳ የያዘ አሳ አስጋሪ ከፊቷ ያልፋል፣ ቡናዋን ይዛ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ፔንሲዮን ባልኩት ይቆጨኝ ነበር።

ዘጌ የሄድነው በሁለተኛው ቀን ነው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን፣ ውሃው የተባለው ነው፣ እንቅስቃሴ የለውም። ለትንሿ የሚሆን ጃኬት ከሦስተኛው ጀልባ ላይ ነው የተገኘው። ሁለቱን ስንተዋቸው ተቆጡን፣ ይቆጡ። ሽቅቡ ላይ እናቴን ልደግፋት ስል እጄን መታችው። ምርኩዟን ይዛ ወጣች። አቡነ በትረ ማርያም ምርኩዛቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል፤ ያንን ለልጆቹ እያወራች፣ በየዛፉ ሥር እየቆመች፣ «ይኸው ይሄ ነው እንግዲህ» እያለች። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባት። ያለከለክነው እኔና ባለቤቴ ነን። ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች፣ ያመጣችውን ጥላ ከነጠላዋ ሥር አወጣች፣ ለካስ ያን ሁሉ መንገድ ይዛው ነበር፣ እኛ ሻንጣ ውስጥ መስሎን። ውስጥ ብዙ ቆየች። አልቸኮልንባትም።

ስንመለስ 6 ሰዓት አልፎ ነበር፣ ነፋሱ መነሳት ጀምሯል፣ ሁለተኛው ልጄ አስመለሰው። ስለዚህ የጠዋቱን ነገር ቀልድ እንዳትሉት።

ጢስ አባይ ቀጭን ነበር። ልጆቹ ከፏፏቴው ይልቅ የድንጋይ ድልድዩን ወደዱት። ገንዳው ውሃ ነበረው።


ኧረ በሕግ

እልል! እንኳን ደረሰላቸው። የዘጌ ቡና ገዛችሁ? ስንት ነው ኪሎው አሁን?


አባ ሦስት

ገዝተናል፣ ዋጋውን ግን እናቴን ጠይቋት። ስትከራከር «አንተ ፊትህ ያስወድዳል» ብላ አባረረችኝ፣ ጀልባው ጋ ነው የጠበቅኳት።